ኦርኒቶፕተር ምንድን ነው?

«ኦርኒቶፕተር ማለት እኮ ፕሮፔለሩ በክንፍ የተተካ ድሮን ነው። አየሩን ወደ ታች ይመታል፣ ይነሳል፣ አለቀ።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈው ነው። ይሄን አባባል ማንበብ ሰልችቶኛል። ክንፉን እያርገበገበ የሚበር ማሽን መሆኑ ልክ ነው። የተቀረው ግን ስህተት ነው።

ክንፉ ወደ ታች ሲመታ ማሽኑን የሚያነሳው ከሆነ፣ ወደ ላይ ሲመለስ ለምን አይጥለውም? ዝንብ አየር ላይ ባለችበት ስትቆም ክንፏን በአብዛኛው የምታንቀሳቅሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ ያውም አዘንብላ።

በሚሄድ ታክሲ መስኮት እጃችሁን አውጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። የመዳፋችሁን የፊት ጠርዝ ቀና ስታደርጉት ነፋሱ እጃችሁን ያነሳዋል። አሁን ታክሲው ወደ ኋላ ይሂድ። መዳፋችሁን ገልብጣችሁ በሌላኛው ጠርዝ ቀና ካደረጋችሁት፣ አሁንም ይነሳል። ታክሲው በሴኮንድ 120 ጊዜ ቢመላለስ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋን ክንፍ አርገብጋቢ ትንሽ ሮቦት፣ ሮቦቢን አገኛችሁ ማለት ነው። 80 ሚሊግራም ገደማ ናት። ክንፏ ሲሄድም ሲመለስም ያነሳታል።

መዳፋችሁን ከልክ በላይ ብታቆሙትስ? የአውሮፕላን ክንፍ ቢሆን አየሩ ከላዩ ይላቀቅና የማንሳት ጉልበቱን ያጣል። የነፍሳት ክንፍ ግን በፊት ጠርዙ ላይ የአየር አዙሪት ይፈጥራል። አዙሪቱ ከክንፉ በላይ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ ክንፉ ወደ ላይ ይሳባል። በ1996 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቻርልስ ኤሊንግተንና ባልደረቦቹ በእሳት እራትና በሜካኒካል ክንፍ ላይ ጭስ እየለቀቁ ይህንኑ አሳይተዋል። የታክሲው ምሳሌ እዚህ ላይ አይበቃም። ታክሲ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ክንፍ ግን ትከሻው ላይ ይዞራል። አዙሪቱ ሳይላቀቅ እንዲቆይ የሚረዳው ይህ መዞር ነው።

«በሳይንስ ስሌት ንብ መብረር አትችልም» የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ማኛን በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ነፍሳት በረራ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ነበር። ችግሩ የንቧ አልነበረም። የማይርገበገብ ክንፍ ስሌት ለሚርገበገብ ክንፍ ስለዋለ ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ። ክንፉ የሚሰጠው ጉልበት በአንድ ምት ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል። የበረራውን የሒሳብ ሞዴል ስንሠራ ብዙ ጊዜ የአንዱን ምት አማካይ እንወስዳለን። ይህ የሚያዋጣው ግን ክንፉ ከሰውነቱ እንቅስቃሴ በጣም ሲፈጥን ብቻ ነው። ለዝንብ መሰሎቹ በአብዛኛው ይሠራል። በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያርገበግብ ትልቅ ወፍ መሰል ማሽን ላይ ግን አማካዩ ያሳስታል። ሰውነቱ በየምቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ ላርመው ሲል ማሽኑን ጭራሽ ይንጠዋል።

የኔዘርላንድሱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የሠራውን ዴልፍላይ ኒምብል እዩት። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ 29 ግራም የሚመዝን፣ ጭራ የሌለው ማሽን ነው። በሴኮንድ 17 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ወደ ጎን ለመጋደል የአንዱን ጎን ክንፎች ከሌላው ያፈጥናል። ለማጎንበስ ወይም ቀና ለማለት የክንፎቹን አቀማመጥ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዛውራል። ባለበት ለመዞር ደግሞ የክንፎቹን ሥር ያጣምማል። ኳድኮፕተር፣ ማለትም ባለ አራት ፕሮፔለሩ የተለመደው ድሮን፣ ይህን ሁሉ የሚሠራው የአራት ሞተሮቹን ፍጥነት በመቀያየር ብቻ ነው። «የድሮኑን ፕሮግራም ጫንበት፣ ይበራል» የሚለኝ ሰው፣ መጀመሪያ እነዚህን ሦስት እንቅስቃሴዎች ከየትኛው ሞተር ጋር እንደሚያገናኛቸው ያስረዳኝ።