የድሬዳዋና የሐረር ገደሎች በካሜራ

ድሬዳዋን አሁን ያለችበት ቦታ ላይ ያስቀመጣት ገደል ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ከቆላው ተነስቶ የሐረርጌን ደጋ መውጣት ግን ለባቡሩ ከባድ፣ ለገንዘብ አውጪዎቹም የማይቀመስ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በገደሉ ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ በደቻቱ ወንዝ ዳር ከተማ ተቆረቆረ። የመጀመሪያ ስሙም አዲስ ሐረር ነበር። ዛሬ ከከተማዋ የከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች ወደ ደቡብ ቀና ሲሉ የሚታየው ግራጫና ቡናማ ግድግዳ ያኔ ባቡሩን የመለሰው ነው።

ገደል ፎቶ ማንሳት በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል። የአየርላንዱ ሞኸር፣ የኖርዌዩ ፕሬይከስቶለን፣ የአሜሪካው ዮሰሚቲ፣ የማሊው ባንዲያጋራ፣ የእኛው ስሜን ካሜራ የያዘ ሰው ተለይቷቸው አያውቅም። ድሬዳዋና ሐረር ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው አይነሳም። መነሳት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ፣ ዛፉ፣ የድንጋዩ ቀለም፣ የሰዉ ልብስ ሳይቀር ይለወጣል።

ግድግዳው የተሠራው ምድር ስትሰነጠቅ ነው። የአፋር ቆላ የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የምድር ሳህኖች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። ቆላው ሲሰምጥ የደጋው ጠርዝ እየተቆረጠ ቀረ። አቆራረጡ በአንድ ጊዜ ስላልሆነ የድሬዳዋ ገደል አንድ ወጥ ቅጥር አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። በየደረጃው የሚታየው ድንጋይም ይለያያል። አንዱ ጋ በጣም ጥንታዊ የሆነ ጠንካራ ዐለት አለ። ሌላው ጋ አሸዋ ድንጋይ፣ ወይም አካባቢው ባሕር በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ይታያል። አለፍ ሲሉ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ይመጣል።

ፊቱ ወዴት ነው?

ካሜራ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ስለ ሌንስና ስለ ካሜራ ዋጋ ብዙ ይወራል። የገደል ፎቶን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን ከሁሉ በፊት ግድግዳው የሚያይበት አቅጣጫ ነው።

የሞኸር ገደሎች ፊታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ ነው። ከፍታቸው 214 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት የሄደ ሰው ጥላ አንስቶ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ የጠበቀ ግን የድንጋዩን ንብርብር አንድ በአንድ ያገኘዋል። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስም በዮሰሚቲ ሀፍ ዶም የተባለውን የዐለት ተራራ ዝነኛ ፎቶ ያነሳው ጠብቆ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. ቦታው ላይ ሲደርስ ግድግዳው ገና ጥላ ውስጥ ነበር። ፀሐይዋ ዞራ ጎን ለጎን እስክትነካው ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆየ። የቀሩት ያኔ እንደ ፊልም የሚያገለግሉ ሁለት የመስታወት ፕሌቶች ብቻ ነበሩ። አንዱን ሌንሱ ላይ ቢጫ ፊልተር (ባለቀለም ማጣሪያ) ገጥሞ አነሳ። ሰማዩ እሱ በልቡ እንዳየው የማይጠቁር ሲመስለው የመጨረሻውን በደማቅ ቀይ ፊልተር አነሳው። ዓለም የሚያውቀው ያን ሁለተኛውን ነው።

የድሬዳዋ ገደል ፊቱ በጥቅሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ አፋር ነው። ይህ ነገር ሁሉን ይወስናል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያየው ቀጥ ያለ ግድግዳ ስድስት ወር ሙሉ ቀጥተኛ ብርሃን አያገኝም። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ መንካት ትጀምራለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ናት። ያኔ ብርሃኑ ግድግዳውን ከጎን እየላሰ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ይጥላል።

እንግዳ ግን የሚመጣው መቼ ነው? አብዛኛው በበጋ፣ በተለይ ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት በኩል ሽቅብ ሲወጣ ገደሉን በጥላ ያየዋል፤ ፎቶውም ድንግዝግዝ ብሎ ይወጣል። የሐምሌ 19 ተሳላሚ ፀሐይዋ ከደመና ብቅ ካለችለት ይበልጥ ዕድለኛ ነው። ዝናብና ጭጋግ አለ፣ እውነት ነው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ግን አቧራው ታጥቦ አየሩ ጥርት ይላል። የአፋር ሜዳም ከላይ ሆኖ ለሚያይ ርቆ ይታያል። የእኔ ምርጫ ግንቦትና ሰኔ ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከወጣች በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሥራን ጨርሶ ጥላ መፈለግ ነው። ስሜንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ታላቁ ገደል በአብዛኛው ሰሜን ሰሜኑን ነው የሚያየው።

በበጋ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ማለት ግን አይደለም። ደቻቱን የመሳሰሉ ሸለቆዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚወርዱ ግድግዳዎቻቸው ምሥራቅና ምዕራብ ያያሉ። አንዱ ወገን ጠዋት፣ ሌላው ማታ ይበራል። የት እንደሚቆሙ ከማታው በስልክ ኮምፓስ ማየት ይበቃል።

ዋሻዎቹ

ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደንና ጀብደኛው ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁት። በኋላ በተደረገ ቁፋሮ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ደግሞ 40,000 ዓመት አካባቢ ይገመታል። ሰዎች እዚህ ገደል ላይ ተቀምጠው ቀለም ይፈጩ ነበር ማለት ነው። ከዋሻው ውስጥ ወደ ውጭ ለማንሳት የሚሻለው ብርሃኑን ለውጪው መለካት ነው። የዋሻው አፍ ጥቁር ፍሬም ሆኖ ይቀራል፤ ሸለቆው ይታያል። ሁለቱንም ለማሳየት የሚታገል ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ ለገ ኦዳ የሚባለው የዐለት መጠለያ አለ። ግድግዳው ላይ የከብትና የሰው ሥዕሎች ይታያሉ። እዚህ ፍላሽ አይበራም፤ ሥዕሉ እንዲደምቅ ብሎ ውሃ መርጨት ደግሞ ወንጀል ነው ባይ ነኝ። ለሁለቱም ቦታዎች ከአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቆ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ነው።

መጠንና ብርሃን

አንድ ሰው ካልገባበት 300 ሜትር ገደል ፎቶ ላይ 30 ሜትር ይመስላል። ሰፊ ሌንስ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ገደሉን አርቆ ያሳንሰዋል። ከተቻለ ራቅ ብሎ በዙም ሌንስ ማንሳት ይሻላል። ግድግዳው ያኔ ተሰብስቦ ይቆማል። ከፊቱ ግመል የሚነዳ ሰው ወይም እንጨት የተሸከመች እናት ካለፈች ልኩ ወዲያው ይገባናል። ሰው ለመለኪያ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ስላልሆነ ግን ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ይቀድማል።

የኖራ ድንጋይ ፈዛዛ ስለሆነ ካሜራውን ያታልለዋል። ካሜራው ‘በጣም በርቷል’ ብሎ ያጨልመዋል፤ ድንጋዩ አመድ መስሎ ይወጣል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው መድኃኒቱ። በሞባይል የሚያነሳም ስክሪኑን ነክቶ ብርሃኑን በጣቱ ማስተካከል ይችላል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ከቆላው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል። ያኔ የቱንም ያህል ውድ ዙም ቢያዝ የሩቁ ነገር ጥርት አይልም።

ድንጋዩ ላይ ሕይወትም አለ። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በኤረር ጎታ አካባቢ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐማድርያስ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች አጥንቷል። ቀን በየአቅጣጫው ተበትነው ይውላሉ። ሲመሽ በመንጋ በመንጋ ወደ አንድ ገደል ይሰበሰባሉ፤ ነብር እንዳይደርስባቸው በድንጋዩ ወገብ ላይ ያድራሉ። የወንዶቹ ግራጫ ጎፈር የማታ ፀሐይ ከኋላው ሲመታው ዙሪያው ያበራል። ከማረፊያቸው ራቅ ብሎ፣ ሳይመጡ በፊት ቀድሞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ሐረርና ከዚያ ወዲያ

ፎቶግራፍ ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን በራሱ አንስቷል፤ አንዱን ሰገነት ላይ፣ አንዱን ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱን ሙዝ ተክል ውስጥ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ፎቶዎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ነግሯቸዋል። ለሐረር ከተማ እይታ የሐኪም ጋራን የሚያክል የለም። ጀጎል ከነግንቡ ከታች ተዘርግቶ ይታያል።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲሄዱ ባቢሌን አልፎ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። እዚህ ገደል ሳይሆን ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደርቦ የቆመበት አገር ነው። ግራናይቱ በስንጥቆቹ በኩል እየተበላ ለስላሳው ተጠርጎ፣ ጠንካራው ዓምድ ሆኖ ቀርቷል። አንዳንዱ አናቱ ላይ ‘አሁን ወደቀ’ የሚያሰኝ ድንጋይ ተሸክሟል። ከሥር ተጎንብሶ፣ ሰማዩን ከኋላ አድርጎ ማንሳት ሚዛኑን በደንብ ያሳያል።

ስለ አደጋ ጥቂት ልበል። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ገደሉን ከታች ለማንሳት ምቹ ሜዳ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከተማው ላይ ጠብታ ባይኖርም ከላይ ደመና ካለ ወንዙ ውስጥ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) አይተከልም። የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይም መኪና አቁሞ ማንሳት አይሆንም፤ የጫት መኪኖች የሚበሩበት መንገድ ነው። ሰፋ ያለ ቦታ እስኪገኝ መታገስ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

በታኅሣሥና በጥር ለሚመጣ ሰው ከሁሉ በላይ የምመክረው ቁንዱዶን ነው። ተራራው በፉኛን ቢራና አፄ ኃይለ ሥላሴ በተወለዱበት በኤጀርሳ ጎሮ መካከል ብቻውን የቆመ፣ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖሩበታል ተብሎ ይታወቃል። እንደ ደንገጎ አንድ ፊት ብቻ የለውም፤ በደቡብ በኩል ያለው ጠርዙ የበጋዋን ፀሐይ ያገኛል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ተነስቶ፣ የአካባቢ መሪ ይዞ፣ ውሃና ጃኬት ሳይረሱ መውጣት ነው።