«ኦርጅናል ነው ኮፒ?» በእጅ ስለሚሠሩ የጊታር አምፖች የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል የጊታር አምፕ (የድምፅ ማጉያ) እጠግናለሁ። አልፎ አልፎ ከባዶ ሣጥን ተነስቼ የቲዩብ አምፕ፣ ማለትም ድምፁን በትራንዚስተር ሳይሆን በመስታወት ቱቦ የሚያጎላውን የድሮ ዓይነት፣ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የቤተ ክርስቲያን ጊታሪስቶችና የሆቴል ባንድ ልጆች ናቸው። ገና በሩ ላይ ሆነው «ኦርጅናል ነው ኮፒ?» ይሉኛል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።

«ትልልቆቹ ስሞች ከማንም አልቀዱም»

ቀድተዋል እንጂ! የማርሻል አምፕ መሥራች ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ ከበሮና ጊታር የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ያኔ የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ አምፕ እንግሊዝ ሲገባ ዋጋው አይቀመስም። 1962 እ.ኤ.አ. ላይ ከጠጋኙ ኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ቤዝማን የሚባለውን የፌንደር አምፕ ሰርክት (የውስጥ የኤሌክትሪክ ንድፍ) ወሰደና ጄቲኤም 45 የሚባለውን አምፕ ሠራ። ሰርክቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ትራንስፎርመሩ ግን እዚያው አገር የሚገኘው ሆነ። ቤዝማን ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ነበረው፤ እነሱ አራት ባለ 12 ኢንች ዝግ ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ወጣ። ሮክ የሚወድ ሰው ዛሬ ያንን ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል።

ፌንደር ራሱስ? የጥንቶቹ ሰርክቶቹ የቲዩብ ፋብሪካዎች በመመሪያ መጽሐፋቸው ካተሟቸው ናሙናዎች ብዙም አይርቁም። ሽሮ አሠራሩን የማያውቅ የለም፤ የሚለየው እጅ ነው።

«ሰርክት መቅዳት ሌብነት ነው»

ፓተንት ዕድሜ አለው። በእኛ አገር ሕግ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው እዚሁ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ስለዚህ የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ሰርክት ማንም ይሠራዋል። ስምና አርማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የንግድ ምልክት እየታደሰ ይኖራል።

አንድ ጊዜ ፊቱ ላይ የታወቀ ስም የተለጠፈበት አምፕ መጣልኝ። ባለቤቱ በቲዩብ አምፕ ዋጋ ነው የገዛው። ስሙን በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ተነሳ፤ ከሥሩ የሌላ አርማ የብሎን ቀዳዳ አለ። ውስጡ ቲዩብ የሌለው ተራ የትራንዚስተር ቦርድ። ሌብነት ማለት ይሄ ነው። እኔ የቀዳሁትን ከየት እንደቀዳሁ ሣጥኑ ውስጥ በማርከር እጽፋለሁ፤ የከፈተ ያንብበው።

«ውስጡ በሙጫ የተደፈነ አምፕ ምስጢር አለው»

አሜሪካዊው አምፕ ሠሪ አሌክሳንደር ዳምብል ሰርክቱን በኢፖክሲ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ ይሸፍን ነበር። ክሎን ሴንታወር የሚባለው ፔዳልም (በእግር እየተረገጠ የጊታር ድምፅ የሚቀይር ዕቃ) እንዲሁ ነው። ሰዎች ፍቀው አዩት፤ ሬዚስተርና ካፓሲተር የሚባሉ የታወቁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሆነው ተገኙ። አሁን የክሎን ቅጂ እንደ ጉድ ነው። ሠሪው ራሱ በኋላ ባወጣው ፔዳል ላይ «ይሄን ሁሉ ወሬ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም» የሚል መልእክት አትሞበታል። በሙጫው የሚጎዳው ጠጋኝ ብቻ ነው። አንዲት ካፓሲተር ስትሞት እኔ ጥቁር ድንጋይ መፈልፈል አለብኝ።

«ዕቃው ይሄን ያህል ነው፤ ለምን እጥፍ ትጠይቃለህ?»

ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ትራንስፎርመር ብረት ነው፤ ከውጭ ሲመጣ በኪሎ ይከፈልበታል። ቲዩብ ዛሬ የሚመረተው ሩሲያን፣ ስሎቫኪያንና ቻይናን በመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ነው። ሞቶ ቢደርሰኝ ለማን እመልሰዋለሁ? ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይገድላል።

ሰዓቱስ? አንድ አምፕ ሠርቼ ጨርሼ ሲበራ «ኧዝዝዝ» ይል ነበር። ሁለት ምሽት ፈለግኩት። መፍትሔው አንዲት የመሬት ሽቦ ነቅሎ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ መበየድ ነበር። የሽቦዋ ዋጋ ከሻይ ያንሳል። ሁለቱን ምሽት ማን ይክፈል?

ግን እኛም ንጹሕ አይደለንም። የተገዛ ቦርድ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከትቶ «የእጅ ሥራ» ብሎ ዋጋ የሚቆልል አለ።

«ውድ ከሆነ የተሻለ ነው»

አይደለም። ባለፈው አንድ ልጅ ገንዘቡን ቆጥሮ ቲዩብ አምፕ ሊያሠራ መጣ። የሚጫወትበትን አዳራሽ ሄጄ አየሁት። ጠባብ ነው፤ አገልግሎቱ በጠዋት ነው፤ ድምፅ ቀንሱ ይባላሉ። ያገለገለ ትንሽ የትራንዚስተር አምፕ አስገዛሁት። ምንም አላተረፍኩም።