አርኤንኤ ሳይለንሲንግ ምንድን ነው? (አንቲቦዲ አይደለም!)
ኧረ በፈጠራችሁ፣ ተክል አንቲቦዲ የለውም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ተክልም እንደኛ አንቲቦዲ ሠርቶ ቫይረስ ያጠፋል፣ ሳይለንሲንግ የሚባለው እሱ ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፣ የሚይዘውም የቫይረሱን ቅርጽ ነው፣ የሚያመርቱት ሴሎች ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይዞራሉ፤ ተክል ጋ የሚዞር ተከላካይ ሴል የለም፣ እያንዳንዱ ሴል በግድግዳው ታጥሮ ራሱን ነው የሚጠብቀው።

ሳይለንሲንግ ማለት ተክሉ የቫይረሱን አርኤንኤ (እንደ ዲኤንኤ የዘር መመሪያ በፊደል የተጻፈበት ሞለኪውል ነው) እየቆረጠ ዝም የሚያሰኝበት መከላከያ ነው፤ ቅርጽ አያይም፣ ጽሑፍ ነው የሚያነበው። የአብዛኛው የተክል ቫይረስ መመሪያ አርኤንኤ ነው፣ ሲባዛ ድርብ አርኤንኤ ይፈጠራል፣ ዳይሰር የሚባሉት ኤንዛይሞች እሱን 21 እና 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) እያደረጉ ይከትፉታል፣ ከዛ አርጎኖት የሚባለው ፕሮቲን አንዷን ቁራጭ ይዞ ከሷ ጋር የሚገጥም አርኤንኤ ሲያገኝ ይቆርጣል። የተከለከለ በራሪ ወረቀት አስቡ፦ ዘበኛው ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጦ አንዷን ብጣሽ ይዞ ይዞራል፣ ከሷ ጋር የሚገጥም ወረቀት ባየ ቁጥር ይቀደዋል፣ ከተቀደደው ላይ እየገለበጠ ብጣሽ የሚያበዛ ሌላ ሠራተኛም አለ፣ ብጣሾቹ በሴሎች መሃል ባለው ቀዳዳ ለጎረቤት ይተላለፋሉ፣ በፍሎየም (የተክሉ ምግብ ማጓጓዣ ቱቦ) በኩልም ቫይረሱ ገና ያልደረሰበት ቅጠል ድረስ ይላካሉ። ቫይረሱም ዝም ብሎ አያይም እኮ፤ ፒ19 የሚባለው የቶምቡስቫይረስ (አንድ የተክል ቫይረስ ወገን ነው) ፕሮቲን ብጣሾቹን ለቃቅሞ ኪሱ ይከታል፣ ዘበኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላው የሚያናድደኝ «ተክሉ አገገመ፣ ስለዚህ ቫይረሱ ጠፋ» የሚሉት ነገር ነው። በ1928 (እንደ ፈረንጆቹ) ዊንጋርድ የሚባል ተመራማሪ ሪንግስፖት ቫይረስ የያዘው ትምባሆ የታች ቅጠሎቹ ታመው አዲስ የወጡት የላይኞቹ ግን ጤነኛ ሆነው አየ፣ በዛው ቫይረስ እንደገና ሲሞከሩም አልታመሙም። ትንንሾቹ የአርኤንኤ ቁራጮች ራሳቸው የተገኙት ግን በ1999 ነው፣ ሃሚልተን እና ቦልኮም ናቸው ያገኟቸው። ታዲያ ጤነኛ በሚመስለው ቅጠል ውስጥም ቫይረሱ ሊኖር ይችላል፣ ምልክቱ ጠፋ ማለት ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ሳትጠይቁኝ ልጨምር፦ ሳይለንሲንግ ብርድ አይወድም፣ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ይዳከማል፣ ስለዚህ «ይሄ ዝርያ ይቋቋማል» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ዲግሪ እንደሞከረው ነው። ቫይረሱ ብቻውን ነው ወይ የሚለውም አለ። ስኳር ድንች ላይ ፌዘሪ ሞትል ቫይረስ ለብቻው ቀለል ያለ ነው፣ ክሎሮቲክ ስታንት የሚባል ሌላ ቫይረስ ሲጨመርበት ግን ያኛው ብጣሾቹን የሚፈጭ የራሱ ኤንዛይም አለውና ዘበኛው ለሁለቱም ትጥቅ ይፈታል፣ ቀለል ያለው ቫይረስ ያኔ ነው ጉዱ የሚታየው። ስኳር ድንች ደግሞ በቁራጭ ነው የሚተከለው፣ ስለዚህ ቅጠሉ ስላማረ ብቻ ከሱ ቆርጦ መትከል ቫይረሱንም አብሮ መትከል ሊሆን ይችላል፣ ላቦራቶሪ ይመርመርና ከዛ ትከሉ።