በኩላሊት ምርመራ ውስጥ የነበረው «የዘር ማስተካከያ» ምንድን ነው?

«ጥቁር በመሆኔ ብቻ የኩላሊቴ ውጤት ከፍ ተደርጎ ይጻፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ።

በተለመደው ምርመራ ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙ በቀጥታ አይለካም፤ በደም ውስጥ ካለው ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ ከዕድሜና ከጾታ ተነስቶ በስሌት ይገመታል፤ የሚወጣው ቁጥር ከፍ ሲል ኩላሊቱ ይበልጥ ጤናማ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ በስፋት ይሠራበት የነበረው የ2009 ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ምክንያቱ ቀመሩ በተሠራበት ጥናት የተሳተፉ ጥቁሮች ክሬአቲኒን፣ የኩላሊት አቅማቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖም፣ በአማካይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ቢሆንም፣ ዘር ማኅበረሰብ የፈጠረው ክፍፍል እንጂ የአንድን ሰው ኩላሊት መለኪያ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ለምሳሌ ስሌቱ 18 የሚያወጣለት ሰው «ጥቁር» ተብሎ ሲመዘገብ ውጤቱ ወደ 21 ይጠጋል። በአሜሪካ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላልጀመረ አዋቂ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ግን ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ይህ ሰው፣ ያው ደም ያው ኩላሊት ይዞ፣ ወረፋው ሳይቆጠርለት ይቆያል። በዚህ መንገድ የባከነው የሕሙማን ጊዜ እጅግ ያሳዝነኛል።

እርግጡ ነገር፣ በፈረንጆቹ 2021 ዘርን የማያስገባ ቀመር መውጣቱና ከ2023 ጀምሮ የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተጎዱ ጥቁር ታካሚዎችን የወረፋ ጊዜ እንዲያስተካክሉ መታዘዛቸው ነው። አዲሱ ቀመር ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ግን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያልና፣ የቆየ ውጤት ያለው ሰው በየትኛው ቀመር እንደተሰላ ሐኪሙን ይጠይቅ።