የሽልማት ቀን ፎቶግራፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቤተሰብ «አባታችን ሊሸለሙ ነው፤ መጥተህ ፎቶ አንሳልን» ሲለኝ ሥራውን በደስታ እቀበላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ማሳሰቢያ ግን አሰልችቶኛል፦ «ዋናው ሽልማቱን የሚቀበሉበት ጊዜ ነው፤ እሱ ብቻ እንዳያመልጥህ።»

ዋናው እሱ አይደለም። ከዚያ ቀን ፎቶዎች ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው የርክክቡ ፎቶ ነው። ሸላሚውና ተሸላሚው በቀኝ እጃቸው ይጨባበጣሉ፤ በግራቸው የምስክር ወረቀቱን ይይዛሉ፤ ከመድረኩ ፊት ለፊት ወደቆመው የአዘጋጆቹ ፎቶግራፍ አንሺ ይመለከታሉ። ያ ባለሙያ ጥሩ ቦታና ጥሩ ብርሃን አለው፤ የመጣውም ለዚሁ ነው። በማግስቱ አዘጋጆቹን ጠይቃችሁ ፎቶውን መቀበል ትችላላችሁ። እናንተ ከወንበራችሁ ተነስታችሁ የምታነሱት ግን የሸላሚውን ጀርባና የአባታችሁን ግማሽ ፊት ነው።

ማንም የማያነሳው፣ አዘጋጆቹም ሊሰጧችሁ የማይችሉት የቤተሰቡን ፊት ነው፤ በተለይ የተሸላሚው ስም በሚጠራበት ቅጽበት። አንድ ሐኪም ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ሲሸለሙ ጀርባዬን ለመድረኩ ሰጥቼ ከቤተሰቡ ረድፍ ጫፍ ቆሜ ነበር። ስማቸው ሲጠራ ባለቤታቸው ወደ መድረኩ አላዩም። ዞረው ከኋላቸው የተቀመጡትን ልጆቻቸውን ፈለጉ፤ ትልቋ ልጅ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች፤ ታናሹ ቆሞ ያጨበጭባል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አለፈ። በኋላ ቤተሰቡ አሳትሞ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ይህንን እንጂ የመጨባበጡን ፎቶ አይደለም።

ስለዚህ ሥነ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ የሚቀመጥበትን ረድፍ እወቁ። ስሙ ሊጠራ ሲቃረብ ወደ ጎን ወጥታችሁ ፊታቸውን በሰያፍ የምታዩበት ቦታ ያዙ። ካሜራውን በተከታታይ እንዲያነሳ አዘጋጁት። የሚያጨበጭብ እጅ ፈጣን ነውና የመዝጊያውን ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ አድርጉት። አዳራሹ ጨለም ካለ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ አድርጉ። ፎቶው ትንሽ ነጠብጣብ ይኖረዋል በሚል ብዙዎች ይህን ይፈራሉ። ነጠብጣቡን በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘን ፊት ግን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

«ሲያለቅሱ አታንሳ፣ እስኪጠርጉ ጠብቅ» የሚለኝም ብዙ ነው። ማንሳት አለብኝ። ፎቶው ይቀመጥ ወይስ ይሰረዝ የሚለውን ያለቀሰው ሰው በኋላ አይቶ ይወስናል። ያልተነሳ ፎቶ ግን ለማንም ምርጫ አይሰጥም።

«ፍላሽ እስካለ ድረስ ከኋላ ወንበርም ይነሳል።» አይነሳም። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይቀራል። የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ራስ ላይ ነው። አጥፉት።

«ብዙ ሜጋፒክስል ከሌለው ካሜራው አይረባም።» ባለ 12 ሜጋፒክስል ምስል በጥሩ ጥራት 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታተማል። ለቤተሰብ አልበም ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ቡድን ፎቶው ስንመጣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ረጅም መስመር ይሰለፋል፤ ተሸላሚው መሃል፣ ሕፃናቱ ጫፍ ላይ። ይህን ሰልፍ ለማስገባት ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ሰፊ ሌንስ ደግሞ ጫፍ ላይ የቆመን ሰው ፊት ወደ ጎን ይለጥጣል። አረጋውያንን ከተሸላሚው ጋር አስቀምጡ፤ ሌሎቹን ከኋላ በሁለት ረድፍ አቁሙ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ላይ አድርጉ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ በጣም ከተከፈተ የፊተኛው ረድፍ ጠርቶ የኋለኛው ይደበዝዛል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ሃያ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ጊዜ ብቻ ብትጫኑ የአንዱ ዓይን ተጨፍኖ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ቢያንስ ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋግሙ።

በትልቁ ቡድን ጀምሩና እየቀነሳችሁ ሂዱ። አረጋውያንና ሕፃናት ሳይደክሙ በፊት ማለቅ አለበት። የቡድኖቹን ዝርዝር ቀደም ብሎ የሚጽፍ፣ በዕለቱም ስም እየጠራ ሰው የሚሰበስብ አንድ ዘመድ መድቡ፤ እኔ አክስቱን ከጎረቤቷ የምለይበት መንገድ የለኝም።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ሜዳሊያው ነው። በጥብጣቡ ላይ በቀላሉ ስለሚዞር ባዶ ጀርባው የተነሳ ስንት ፎቶ አይቻለሁ! ከመጫናችሁ በፊት ተመልከቱት። መስታወት ያለው የምስክር ወረቀት ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ የላይኛው ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት ይዘንበል። ጽሑፉ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ በሌላ ጊዜ በመስኮት ብርሃን ለብቻው አንሱት።

«እኔ አነሳለሁ፣ እናንተ ግቡ» የሚለው የቤተሰብ አባልም ተሳስቷል። አባቱ በተሸለሙበት ቀን ልጃቸው በአንድም ፎቶ ላይ አለመኖሩ የሚታወቀው አልበሙ ከታተመ በኋላ ነው። ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጥና ግባ፤ ሰው ከጠፋ በማስቆሚያ ላይ አድርገህ ሰዓት ቆጣሪውን አሥር ሰከንድ ላይ ሙላው።

ፎቶዎቹንም በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ እንደ ተራ ፎቶ አትላኩ፤ መጠናቸው ተጨምቆ ጥራታቸው ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩ፤ ዋናውን ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ።