የጤና ተጨማሪ ክፍያ ምንድን ነው? የብሪታንያ የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ ከባዱ ወጪ

ወደ ብሪታንያ የሚያስኬድ የሥራ ውል በእጁ የገባ ባለሙያ «ቪዛው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ነው። ከሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ተመን መሠረት፣ ከብሪታንያ ውጭ ሆኖ በተለምዶ «ስኪልድ ወርከር» ለሚባለው ቪዛ የሚያመለክት ሰው እስከ 3 ዓመት ለሚቆይ ቪዛ 769 ፓውንድ፣ ከ3 ዓመት ለሚበልጥ ደግሞ 1,519 ፓውንድ ይከፍላል። ይህ ራሱ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከወጪው ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውና የሰዎችን ዕቅድ ሲያፋልስ ያየሁት የጤና ተጨማሪ ክፍያ ነው።

የጤና ተጨማሪ ክፍያ ማለት፣ ከ6 ወር በላይ በብሪታንያ ለመቆየት ቪዛ የሚጠይቅ የውጭ ዜጋ የአገሪቱን የመንግሥት ጤና አገልግሎት ለመጠቀም አስቀድሞ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ክፍያው በዓመት የሚታሰብ ቢሆንም በየዓመቱ አይከፈልም፤ የቪዛው ዘመን በሙሉ ተባዝቶ፣ ማመልከቻው ገና ሳይታይ፣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ሲጀመር በ2007 ዓ.ም. በዓመት 200 ፓውንድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. 400፣ በ2013 ዓ.ም. 624 ሆነ፤ ከጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአዋቂ 1,035፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 776 ፓውንድ ደርሷል።

ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ስለሆነ፣ እዚህ አዳማ የሠፈራችን ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ይጠሩኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት አካባቢ በሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ከአንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ጎን ተቀምጬ ማመልከቻውን ሲሞላ አይ ነበር። ቀጣሪው የ5 ዓመት የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለቪዛው የሚያስፈልገውን የቀጣሪ ማረጋገጫ፣ ልኮለታል። ወጪዎቹን በባለካሬ ደብተር በእርሳስ አስፍሯል፤ ከላይ 1,519፣ ከሥሩ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ወር የቤት ኪራይ። ወደ ክፍያው ስንደርስ ግን 5,175 ፓውንድ የሚል ቁጥር መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» አለኝ። 1,035 በ5 ሲባዛ ነበር። በደብተሩ ላይ 1,519 ብሎ የጀመረው ሂሳብ በአንዴ 6,694 ሆነ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እርሳሱን እንደያዘ ዝም አለ።

ዋናውን ነገር የሚወስነው እንግዲህ በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው የዓመት ብዛት ነው። ያ ወጣት ሰርተፊኬቱ የ3 ዓመት ቢሆን ኖሮ ቪዛው 769፣ የጤናው 3,105፣ በድምሩ 3,874 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ቀሪውን 2 ዓመት እዚያው ሆኖ ሲያራዝም፣ በዚሁ ተመን 885 ለቪዛው፣ 2,070 ለጤናው ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ 6,829 ስለሚሆን በጠቅላላው የ135 ፓውንድ ብልጫ አለው፤ በመካከል ተመኑ ከፍ ካለም ልዩነቱ ይሰፋል። ነገር ግን ሁለተኛውን ክፍያ የሚከፍለው በፓውንድ ደመወዝ እያገኘ ነው፤ የመጀመሪያውን ግን በብር ካጠራቀመው ነው። በእኔ እምነት ቀጣሪው የማይሸፍንለት ሰው የ3 ዓመት ሰርተፊኬት እንዲሰጠው መጠየቁ ይሻለዋል።

ቤተሰብ ሲጨመር ሂሳቡ ከባድ ይሆናል፤ ምክንያቱም የትዳር ጓደኛም ልጆችም እያንዳንዳቸው የቪዛም የጤናም ክፍያ አለባቸው። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ለ3 ዓመት አብረው ቢያመለክቱ የአራቱ ቪዛ 3,076 ፓውንድ፣ የጤናው ደግሞ 10,866 ፓውንድ ነው፤ በድምሩ 13,942። ለ5 ዓመት ከሆነ 24,186 ፓውንድ ይደርሳል። ብዙ አባወራዎች ቀድመው ብቻቸውን ሄደው ቤተሰባቸውን ቆይተው የሚያስመጡት ከዚህ የተነሳ ነው፤ መለያየቱ የሚያስከፍለው ነገር ግን በፓውንድ አይቆጠርም፤ እኔም ይህን ምርጫ ለማንም በቀላሉ አልመክርም።

ከክፍያው ነፃ የሚሆኑ ባለሙያዎች አሉ። ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ለጤናና እንክብካቤ ሠራተኞች በተለየው ቪዛ ሲያመለክቱ እነሱም ቤተሰቦቻቸውም ይህን ገንዘብ አይከፍሉም፤ የማመልከቻ ክፍያቸውም በዚሁ የ2017 ዓ.ም. ተመን እስከ 3 ዓመት 304፣ ከዚያ በላይ 590 ፓውንድ ነው። አንድ ነርስ በስህተት በመደበኛው የባለሙያ ቪዛ ብታመለክት ምን ያህል እንደምትጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከፋዩ የሚያገኘው አገልግሎት የሐኪም ምርመራና የሆስፒታል ሕክምናን የሚያካትት ሲሆን፣ የጥርስ ሕክምናና የዓይን ምርመራ፣ በእንግሊዝ ደግሞ የመድኃኒት ማዘዣ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል።

ቪዛው ከተከለከለ የጤናው ክፍያ ተመላሽ ይሆናል፤ የማመልከቻው ክፍያ ግን አይመለስም። ቪዛው ተሰጥቶ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ሳይሄድ ቢቀር ወይም ጊዜው ሳያልቅ ቢመለስ የጤናውም ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ። ተመላሹ የሚገባው ክፍያው በተፈጸመበት ካርድ ነው፤ እዚህ ደግሞ ብዙ ሰው የሚከፍለው በራሱ ካርድ ሳይሆን ውጭ ባለ ዘመድ ወይም በሚያውቀው ሰው ካርድ ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ተመልሶ የሚገባው በዚያ ሰው ሂሳብ ነው። ዘመድም ቢሆን መጠኑንና ተመላሽ ከመጣ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር ነውር ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። እንዲሁም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ በብር የሚያጠራቅም ሰው የሚያስፈልገውን ልክ በፓውንድ ጽፎ በየጊዜው ቢያመሳክር ይሻላል።

ባለሙያው ፈጽሞ ሊከፍለው የማይገባ ወጪም አለ። የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬቱን የሚያወጣው ቀጣሪው ነው፤ የሰርተፊኬቱ ክፍያ በ2017 ዓ.ም. ተመን 525 ፓውንድ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሰጥ ሰርተፊኬት ቀጣሪው ይህን ወጪ ከሠራተኛው ላይ መልሶ መጠየቅ ተከልክሏል። ቀጣሪው ለመንግሥት የሚከፍለው የክህሎት ክፍያም እንዲሁ ወደ ሠራተኛው አይተላለፍም። እንግዲህ አዳማም ሆነ አዲስ አበባ «ስፖንሰርሺፕ አለኝ፣ ይህን ያህል አምጣ» የሚል ደላላ ሲመጣ የሚሸጠው ነገር በሕግ የሚሸጥ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት ሸጠው፣ የእናታቸውን ወርቅ አስይዘው ለእንዲህ ዓይነት ሰው የከፈሉ ልጆች ስላሉ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ሌሎቹ ወጪዎች አነስ ያሉ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና የጣት አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መመላለስ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሰነድ ማረጋገጫ ይኖራሉ። አመልካቹ ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል ለማሳየት በባንክ ለ28 ተከታታይ ቀናት መቆየት ያለበት 1,270 ፓውንድ የሚከፈል ሳይሆን የሚታይ ገንዘብ ነው፤ የስፖንሰርነት ፈቃዱ ደረጃ ኤ የሆነ ቀጣሪ በሰርተፊኬቱ ላይ ይህን ኃላፊነት ከወሰደም አይጠየቅም።

ያ ወጣት ያን ዕለት ክፍያውን ሳይፈጽም ገጹን ዘግቶ ለቀጣሪው ጻፈ፤ የጤናውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ አልተገለጸምና እንዲያብራሩለት ጠየቀ። በሳምንቱ የመጣው መልስ ድርጅቱ የቪዛውንም የጤናውንም ክፍያ እንደሚችል፣ በ2 ዓመት ውስጥ ሥራውን ከለቀቀ ግን ሙሉውን እንደሚመልስ የሚል ነበር። አንቀጹን አብረን ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ ከዚያም በሠራበት ወር ልክ ዕዳው እየቀነሰ እንዲሄድ የሚጠይቅ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ።