ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

«ነገር» እዚህ ላይ ጠብ፣ ክርክር፣ ሰው የሚያነጋግር ጉዳይ ነው። አባባሉ ጉዳዩን ከተነሣበት ጀምረህ መርምር፣ ውሃውንም ካልደፈረሰበት ቅዳ ይላል። ሁለቱም ምስሎች ከዕለት ኑሮ የመጡ ናቸው። የተጣሉ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ የመጨረሻውን ስድብ ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» ይላል። ውሃ ቀጂም ከብት ከረገጠው ቦታ አልፎ ወደ ምንጩ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ አባባሉ የሚነገረው ወሬን ከባለቤቱ ስማ ለማለት ነው። ልክ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገን ለማኅበረሰብና ለተቋማት ችግር ይመስለኛል።

በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገባ። ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ አብዛኛው ሐኪም በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን የሟቾቹን ቤት እየዞረ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። መልሱ በአብዛኛው ወደ አንድ የሕዝብ ፓምፕ ወሰደው። እዚያው ሰፈር የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ ግን የሚጠጡት ቢራና የፋብሪካውን ውሃ ስለነበር ከበሽታው ተረፉ። ስኖው ባለሥልጣናቱን አሳምኖ የፓምፑን እጀታ አስነቀለ።

ሥሩ ግን ገና አልተነካም ነበር። በኋላ ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ የአካባቢው ቄስ ጉዳዩን ሲከታተል አንድ የታመመች ሕፃን ቤት ደረሰ። የሕፃኗ ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የሚደፋበት ጉድጓድ ከፓምፑ አጠገብ ነበር፤ ወደ ውሃውም ይሰርግ ነበር። እናትየዋን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ቆሻሻውን የት ትድፋው? ከተማዋ ደህና የፍሳሽ መስመር አልነበራትም። ኮሌራ በ1866 ለንደን ሲመለስም ክፉኛ የመታው አዲሱ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበትን የምሥራቁን ክፍል ነው።

እጀታውን መንቀል ትክክል ነበር፤ ሰው እየሞተ ጥናት እስኪያልቅ አይጠበቅም። የሚያሳዝነኝ እጀታ ነቅለን ጉዳዩን ስንዘጋው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲበላሽ «ማን ነው?» እንላለን። አንዱ ይባረራል፣ ሌላው ይተካል። በዓመቱ ያው ጥፋት፣ ያው ስብሰባ። የተባረረው ሰው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱን ያቀለለው አሠራር ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

የመኪና አምራቹ የቶዮታ መሐንዲስ የነበረው ታይቺ ኦኖ አንድ ነገር ሲበላሽ «ለምን?» ብላችሁ አምስቴ ጠይቁ ይል ነበር። ማሽን ቆመ። ለምን? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? የዘይት ፓምፑ በደንብ አይስብም። እሱስ ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ዘንጉ ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ፍቅፋቂ ገብቶበት። ፊውዝ ብቻ የቀየረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይጠራል።

ጥያቄው የት ይቆማል? አንዳንዱ እየወረደ ወርዶ «ሰው ተበላሽቷል» ላይ ያርፋል። ይሄ መልስ አይመስለኝም፤ ነገ ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። የሚለወጥ ደንብ፣ የሚመደብ በጀት፣ የሚጀመር ቁጥጥር እስኪገኝ መውረድ ይሻላል። ኦኖ ማሽን ላይ ያ ማጣሪያው ነበር፤ ማጣሪያ ደግሞ ይገጠማል።